በደጅዎ ስለሰቀሉት ፎቶአችን የቀረበ ምስጋና

መርሳ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳንጠይቅ ስለተሰጠን ማዕረግ ማመስገንን፣ እንዲሁም ማዕረጉ ሳያስገድለን እንዲነሣልን መለመንን ይመለከታል።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ኑሮዎ እንዴት ነው? ከትናንት በስቲያ በአይሱዙ ተጭኖ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ሲያልፍ ያየነው ሶፋዎና ፍሪጅዎስ በሰላም ገባልዎ? እኛ እዚህ መርሳ፣ ከወልድያ ማዶ የሚያጉረመርመው ከባድ መሣሪያ ልጆቻችንን ከእንቅልፍ ከማባነኑ በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስምዎን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ላይ ያልጻፍኩት ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ክፉ ጊዜ የሰው ስምና መልክ አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚያመጣ በራሴ ስላየሁት፣ በእርስዎ ላይ እንዲደርስ ልቤ ስላልፈቀደ ነው።

እኔ ናጅዋ አብዱልሐሊም እባላለሁ፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የማኑፋክቸሪንግ መምህርት ነኝ። ስሜ ባያስታውስዎ መልኬ ያስታውስዎታል። ከቢሮዎ ወጥተው ወደ አስፋልቱ ሲሻገሩ፣ በአጥርዎ ላይ ከተወጠረው ሰፊ ባነር በስተግራ፣ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ጥርሷን እያሳየች የምትስቀው እኔ ነኝ። በስተቀኝ፣ ጠምዛዛ ነጭ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ የቆመው ባለቶርኖው ካሕሱ ነው። ከራሳችን በላይ፣ ከወልድያ የሚመጣ ሚኒባስ ሳይቆም ሊያነበው በሚችል ፊደል፣ «የወረዳችን ወጣቶች በስማርት ዲጂታል ማምረቻ ቴክኖሎጂ የሰው አልባ አውሮፕላን ክንፍ በማምረት ለህልውና ዘመቻው አለኝታነታቸውን አረጋገጡ» የሚል ተጽፏል።

ክቡር ሆይ፣ ያ ነጭ ነገር የውሃ ተርባይን መቅዘፊያ ነው። ቦይ ውስጥ ተጥዶ ይሽከረከራል እንጂ ከመሬት አንድ ስንዝር ተነሥቶ አያውቅም። ይህንን ፎቶውን ያነሣው የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎ አሳምሮ ያውቃል፤ ሊያነሣን የመጣ ዕለት ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጫማው ስለበሰበሰ፣ ካሕሱ ነው በምድጃው ዳር አድርቆ የሸኘው።

ይህ ደብዳቤ በሚኒባስ ውስጥም ሆነ በሰፈር ማኅበራችን በቅሬ ላይ ሲነበብ የሚሰማ ሰው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዓምና በዚሁ በነሐሴ ጦርነቱ በላያችን መጥቶ፣ አካባቢያችን በታጣቂዎች እጅ ወድቆ እስከ ታኅሣሥ ሲቆይ፣ መብራት አልነበረም፣ ስልክ አልነበረም፣ ወፍጮ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ እናቶች በጨለማ ወለዱ፤ የወለዱትን ያላቀፉም አሉ። በጥር መብራቱ ሲመለስ ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እኔና ካሕሱ ግን እልልታው ውስጥ ሆነን፣ አንድ ምሰሶ በወደቀ ቁጥር ጨለማ ውስጥ የሚገባ ጤና ጣቢያ ለቀጣዩ ክረምት እንዴት ይደርሳል ብለን እንጨነቅ ነበር።

ያለን ነገር ከኮሌጁ ዝርፊያ ጭድ ክምር ውስጥ ተደብቃ የተረፈች አንዲት ስሪዲ ፕሪንተር ነበረች። ይህች ማሽን በኮምፒውተር የተሣለውን ቅርጽ ተቀብላ፣ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠች፣ ንጣፍ በንጣፍ እየደረበች ዕቃውን ራሱን የምታወጣ ናት። ጤና ጣቢያው ሥር የሚያልፈው የመስኖ ቦይ ላይ ትንሽ ተርባይን ተከልን፤ የውሃውን ፍጥነትና የመቅዘፊያውን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር አሰርን፤ ሴንሰሩ የቆጠረውን ኮምፒውተሩ አስልቶ መቅዘፊያው ምን ያህል መጉበጥ እንዳለበት ይነግረናል፤ ፕሪንተሯ ቅርጹን ታወጣለች፤ ካሕሱ ደግሞ ቅርጹን አሸዋ ላይ አትሞ ከአሮጌ ፒስተን ያቀለጠውን አሉሚኒየም ያፈስበታል። የመጀመሪያውን መቅዘፊያ ደለል በላው። ሁለተኛውን ሰፋ፣ ሦስተኛውን ወፈር አድርገን ሠራነው። ዱሮ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሰበር ከአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ከሌለ ከባሕር ማዶ ይጠበቅ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ብርሃንም አብሮ ይዘጋል። አሁን ግን ጠዋት የተሰበረው ከሰዓት ተተክቶ ይውል ጀመር፣ ፕሪንተሯም ራሷ የምትሠራው በዚያው በቦዩ መብራት ነበር። በግንቦት የማዋለጃ ክፍሉ አምፖል ሲበራ አዋላጇ ውባለም ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ካሕሱ እንኳ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ ብሎ ፊቱን አዞረ።

በቦዩ ላይ መብት ያላቸው ደግሞ የውሃ አባታችን አባ ሙባረክ ናቸው፤ ለማን መቼ ውሃ እንደሚለቀቅ የሚወስኑ እሳቸው ናቸው። ተርባይኗ ውሃ አትጠጣም፣ ያገኘችውን መልሳ ታሳልፋለች ብንላቸው፣ ውሃ የነካ ሁሉ ተራ አለው፣ ተራ ያለው ሁሉ ቦይ ይጠርጋል ብለው አንድ አባወራ እንደምታክል አድርገው ተራ ሰጧት። በእሷ ፈንታ እኔና ካሕሱ አካፋ ይዘን ደለል ስንዝቅ ከረምን። በእርስዎ ባነር ላይ «ስማርት ዲጂታል ማምረቻ» ያሉት ይህንኑ ነው፤ ስለ አካፋው አለመጥቀስዎ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ። በሰኔ ከላይ እንግዳ ሊመጡ ነው ተብሎ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ለዘመቻው ያበረከተውን እንዲያሳይ ሲታዘዝ፣ አንዱ በሶና ዳቦ ቆሎ አሳየ፣ አንዱ ሰንጋ ጎትቶ አቀረበ፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ከስብሰባ በቀር የሠራው ስላልነበረ እኛ ትዝ አልንዎ። «ለወላዶች መብራት የሚሰጥ የውሃ መቅዘፊያ» ብሎ መጻፉ ለእንደዚያ ያለ እንግዳ ቀለል ያለ መስሎ እንደታየዎ እገምታለሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦዩን አድርቀው፣ እኛን ወደ ሰማይ አወጡን። እንግዳውም አጨበጨቡ፣ እርስዎም ተመሰገኑ፣ እኛም ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያላዘመትነውን አውሮፕላን ተሸክመን ቀረን።

ሁለተኛ፣ ፎቶውን በዚያ ስፋት ስላሳተሙት አመሰግናለሁ። የጎረቤቴን የለይላን ልጅ ረዲን ያውቁት ነበር? ሙዝ በካርቶን እያሸገ ለመኪና የሚጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ለዒድ ወልድያ ሄዶ ፎቶ ቤት ውስጥ የተሰቀለ የወታደር ጃኬት ተውሶ ለብሶ ተነሣ፤ እዚህ አገር ያልተነሣ ወጣት ካለ ይጥሩልኝ። ዓምና ታጣቂዎቹ ስልኩን ሲከፍቱ ያቺን ፎቶ አገኙ። እናቱ በቁርአን ማለች፣ ጃኬቱ የፎቶ ቤቱ ነው አለች፣ ፎቶ ቤቱ ድረስ ልውሰዳችሁ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ወደ ማንጎው እርሻ ይዘውት ገቡ። የተኩሱን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ከቤቴ እስከዚያ ሩቅ አይደለም።

ረዲን ያስበላው ፎቶ ከመዳፍ አይበልጥም ነበር። የእኛ የአይሱዙ ጎን ያክላል። ረዲ የለበሰው የተውሶ ጃኬት ነበር፤ እኛ ደግሞ የተውሶ ክንፍ አለን፣ ከነመግለጫ ጽሑፉ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ቆቦ ከተያዘች ወዲህ ከወልድያ የሚሸሸው ሕዝብ ፍራሹን ተሸክሞ በባነሩ ሥር ሲያልፍ፣ ቆም ብሎ ያነብና ዞሮ ይፈልገናል። ይህን ያየሁ ዕለት ሰማያዊ ሻሼን አውልቄ ጥቁር አስሬያለሁ። መንገድ ላይም መሳቅ ትቻለሁ፤ ያቺ ባነሩ ላይ ያለችው ትስቃለችና።

ሦስተኛ፣ ስለ ካሕሱ የተለየ ምስጋና አለኝ፤ ስሙን እዚህ የጻፍኩት እሱ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። አባትና እናቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ኖሩ፤ እሱ ወልድያ ተወልዶ፣ እዚህ መርሳ ቶርኖ ቤት ከፍቶ፣ የግማሹን ወረዳ የወፍጮ ጥርስ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ዓምና መከራውን እንደኛው አይቷል፤ ታጣቂዎቹ የቶርኖ ቤቱን ዕቃ ሲዘርፉም ስሙ አላስጣለውም። መጀመሪያ የሰቀሉት ባነር ላይ ስሙ ከነአባቱ ነበረ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ይህን ስም ከድሮን ጋር አብሮ መስቀል ጥሩ አይደለም ብሎ ሹክ አለዎና፣ ስሙን በነጭ ቀለም አስጠፍተው ፊቱን ተዉት።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ስሙ ተሠርዞ ፊቱ ሲቀር ሰፈሩ ምን ይል ይመስልዎታል? ለምን ተሠረዘ አለ። ከዚያ ማን ነው አለ። ከዚያ ይህ ሰው ድሮን የሚሠራው ለማን ነው አለ። የሰፈር ጥበቃ ወጣቶቹ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቤቱን በረበሩት፤ የመዳብ ሽቦውንና ሴንሰሩን ይዘው ሄዱ። ባለቤቱ ጽገረዳ ሴንሰሩ የውሃ መቁጠሪያ ነው ብትላቸው፣ ውሃ ምን ተቆጥሮ ያውቃል ብለው ሳቁባት። እንግዲህ ካሕሱ በእርስዎ ቸርነት ታጣቂዎቹ ከሰሜን ቢመጡ ድሮን ሠሪ ነው፤ እስኪመጡ ድረስ ደግሞ ሰላይ ነው። ሁለቱንም ጦር በአንድ ፎቶ ያስቆጣ ሰው በታሪክ መኖሩን እኔ አላውቅም። አሁን ያለበትን አልጽፍም። ከአንድ ጨለማ ክፍል አይወጣም ማለት ብቻ ይበቃል። ፕሪንተሯንም መልሰን ቀብረናታል፤ የመጨረሻው መቅዘፊያ ከተሰበረ ወዲህ የሚተካው የለም፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ውባለም እንደገና የሚያበራ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ ታዋልዳለች።

ለምን አይሸሹም ይሉ ይሆናል። እርስዎ ከሶፋዎ ስለጀመሩ መሸሽ ቀላል መስሎ ቢታይዎ አይፈረድብዎትም። ደሴ ለመድረስ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያው ላይ ካሕሱ የሚል አለ፤ ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ በሁሉም ሰው ስልክ የተዛመተው፣ «ድሮን» ታቅፎ የተነሣው ፎቶ አለ። ጽገረዳ ያለ እሱ አልንቀሳቀስም ብላለች። እኔ መሄድ እችላለሁ። ነገር ግን መቅዘፊያውን ያስታቀፍኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶ ተነሥ፣ ምን ችግር አለው ያልኩትም እኔው ነኝና፣ ወላሂ እግሬ እምቢ አለኝ።

አራተኛ፣ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ማስተባበያ ማውጣት የጽሕፈት ቤቱን ገጽታ ያበላሻል አሉኝ። ሁለተኛ ስመጣ ባነሩ ሪፖርት ተደርጓል፣ ሪፖርት የተደረገ ነገር አይወርድም አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወልድያ ሆቴል ውስጥ በምሳ የታጀበ «ስማርት ማኑፋክቸሪንግ ለታዳሽ ኃይል» የሚል ዐውደ ጥናት እንደታሰበልንና ያን ጊዜ አስተያየቴን ማንሣት እንደምችል አበሠሩኝ። በመጨረሻ የመጣሁ ዕለት ግን በቅንነት፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያሉኝን እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ፦ ነገሩ ውሸት መሆኑ ካስጨነቀሽ ለምን የእውነት አንድ ክንፍ ሠርታችሁ አታሳዩም፣ ያን ጊዜ ባነሩም እውነት ይሆናል አሉኝ። ያኔ ተነሥቼ የወጣሁት ሐሳብዎን አድንቄ ነው ብለው እንደተረዱኝ ከፈገግታዎ አይቻለሁ። ኧረ በአላህ! የሄድኩት እኮ ፕሪንተሯን ልደብቅ ነበር።

አምስተኛ ልል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ደከመኝ። ባነሩን እኛው እናውርደው ብለን የሞከርን ዕለት የበር ጠባቂዎ ጋሽ ሽፈራው መሰላሉን ይዘው፣ ልጄ ብታወርጂው በመንግሥት ንብረት እጠየቃለሁ፣ ባታወርጂው በፈጣሪ እጠየቃለሁ፣ በየትኛው ልጠየቅ ብለው እንባቸው መጣ። የዘመቻ ባነር የነካ እንደ ጠላት ይቆጠራል የሚለውን ትእዛዝ የፈረሙት እርስዎ ነዎትና፣ ሽማግሌውን ወኅኒ ከምንከት ብለን መሰላሉን መልሰን ሄድን።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ቀልዱን ላቁምና በግልጽ ልንገርዎ፤ እፈራለሁ። የመኪና ሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩን እቀረቅራለሁ። ሰው በስሜ ሲጠራኝ አልዞርም፤ ቀድሜ እግሩን ነው የማየው፣ ጫማው የወታደር እንደሆነ ለማወቅ። ልጆች መንገድ ላይ «ባለድሮኗ! ባለድሮኗ!» እያሉ ሲጠሩኝ ባለፈው ወር እየሳቅሁ አባርራቸው ነበር፤ አሁን ዝም በሉ ብዬ ከረሜላ እገዛላቸዋለሁ። ሰው የገዛ ፎቶውን ይፈራል? እኔ ፈርቼው በዚያ አስፋልት ማለፍ ትቻለሁ። ከሞት ይልቅ የሚያስፈራኝ ደግሞ፣ ያንን የተረገመ ፎቶ እያሳዩኝ ይህች አንቺ ነሽ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ ከማለት በቀር መልስ የሌለኝ መሆኑ ነው።

የምንለምንዎ አንድ መስመር ነው። «በሥዕሉ የሚታየው ለጤና ጣቢያ መብራት የሚያገለግል የውሃ ተርባይን መቅዘፊያ ነው» ብለው፣ ፈርመው፣ ማህተም አሳርፈው፣ አንዱን ባነሩ ላይ ይለጥፉልን፤ አንዱን ለጥበቃ ወጣቶቹ ያድርሱልን፤ አንዱን ካሕሱ ኬላ ላይ እንዲያሳየው ይስጡን። ወረቀቱን እኛ እንገዛለን፣ ጽሑፉን እኔ እተይባለሁ፣ እስክሪብቶም ከሌለ ይዤ እመጣለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነም ቅር አይለንም፤ የሰፈራችን ቅሬ ሌላ መላ መትቷል። ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም እንጂ፣ ቅሬያችን እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ላይ ሬሳ የሚያነሣበት፣ በአንድ ድንኳን ለቅሶ የሚቀመጥበት ማኅበር ነው። ትናንት ሲሰበሰብ እውነቱን ልናገርና አንዳንዶቹ ከባድ መሣሪያው ተከትሏችሁ እንዳይመጣብን ከሰፈሩ ውጡልን አሉን። አልተቀየምኳቸውም፤ እነሱም የሚፈሩት ያንኑ ነው። ያን ጊዜ የቅሬው ዳኛም የሆኑት አባ ሙባረክ ተነሥተው፣ እነዚህን ልጆች ጽሕፈት ቤቱ ከገደላቸው ቆየ፣ ያልተለቀሰላቸው ብቻ ነው፣ ለቅሶ ለመድረስ ደግሞ ከማንም ፈቃድ አይጠየቅም አሉ። ጉባኤውም ተስማማ። እውነታቸውን ነው፤ ስብሰባ ተከልክሏል፣ ሰልፍ ተከልክሏል፣ ለቅሶ ግን እስካሁን የከለከለ መንግሥት የለም። ስለዚህ ማስተባበያዎ እስከ ዛሬ ረፋድ ካልወጣ፣ ቅሬው በእርስዎ ደጅ ድንኳን ተክሎ የናጅዋንና የካሕሱን ለቅሶ ይቀመጣል። እርስዎም የዚሁ ቅሬ አባል ስለሆኑ፣ ጥሪው በአክብሮት ይድረስዎ።

በመጨረሻም፣ ስላደረጉልን ሁሉ ብድርዎን የሚከፍል አላህ ብቻ መሆኑን እያስታወስኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሶፋዎ መልካም ማረፊያ፣ ለመኪናዎ ሙሉ ነዳጅ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቅ መንቀጥቀጥ ጋር፣
ናጅዋ አብዱልሐሊም
አንድም ቀን ያልበረረ ዕቃ ሠሪ

ግልባጭ፦
ለአባ ሙባረክ፣ በቅሬው ላይ እንዲያስነብቡት
ከመርሳ ወልድያ ለሚመላለሱ የሚኒባስ ረዳቶች፣ ለተሳፋሪው ጮክ ብለው እንዲያነቡለት
ጫማው ለደረቀለት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ላስገባ ዛሬ ማለዳ ብመጣ ቢሮዎ ተቆልፎ አገኘሁት። ጋሽ ሽፈራው እንደነገሩኝ ሳይነጋ ተነሥተው ወደ ደሴ ሄደዋል፤ ማህተሙም አብሮዎት ሄዷል፤ ትእዛዙን ሊሽረው የሚችል ሰውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ባነሩን ግን ረስተውታል።

ማንም አልነካውም፣ እንዳይሠጉ። አባ ሙባረክ ድንኳኑን ከአጥሩ ጋር አስጠግተው አስተከሉት፤ በአስፋልቱ ለሚያልፍ ሰው የሚታየው የለቅሶ ድንኳን እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት የሚያፈርስ ወታደር ከየትም ወገን ቢመጣ ቢያንስ አንዴ ያመነታል ይላሉ፤ እኛም ያንን አንዴ ተማምነን ተቀምጠናል። ለይላ ከእኔ አጠገብ ናት፤ የምታለቅሰው ግን የእውነቷን ነው። የጥበቃ ወጣቶቹ ጠመንጃ ይዘው ሊበትኑን መጥተው ነበር፤ እናቶቻቸው ከፊት ተቀምጠው ሲያዩ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ከዳር ተቀመጡ። ካሕሱም በጠራራ ፀሐይ፣ ከጽገረዳ ጋር፣ ቀጥ ብሎ መጣ። ምነው ወጣህ ብለው ሲደነግጡበት፣ ከለቅሶ የቀረ ይቀጣል፣ የራሴ ነው ብዬ ልቅር እንዴ አለና ገብቶ ከአባ ሙባረክ አጠገብ ተቀመጠ።

የአባላት ስም ሲጠራ የእርስዎ ብቻ መልስ አጣ። በቅሬው ደንብ ድንኳን የሚቆየው እስከ ሠልስት ነው፤ ከዚያ ይነሣል፣ ባነሩም እንደገና ይታያል። ስለዚህ ከሠልስቱ በፊት ያቺን አንድ መስመር ይላኩልን፤ ያለዚያ ድንኳኑ እንዲቆይ ከመካከላችን አንድ ሰው የእውነት መሞት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ በዚህ ሰሞን ለእኛ ከማህተም ይልቅ ቅርብ ነው።